ዋይ ሦስት ነው

«የሐበሻ ሠራተኛ ድግምት ትጽፋለች» እያለች ሰነበተች ዐረቧ ማዳም፣ ከመላዝ ሰፈር ጎረቤቶቿ የሰማችውን ወሬ እየደጋገመች። ዛሬ የሠራተኛዋን የፈሪዳን ደብተር ከፍራሽ ሥር አገኘችና ምድጃው ላይ ለኮሰችው።

«ሒሳብ ነው እኮ!» ጮኸች ፈሪዳ። «ኤክስ ሰባት ሲቀነስ ዋይ ነው፤ ያንን ሁለተኛው እኩልታ ውስጥ በኤክስ ቦታ ተክቼ ዋይን አገኛለሁ። ልጅሽን ጠይቂያት!»

«ኸላስ፣ በቃ! የልጄን ስም እንዳትጠሪ። ሹፌሩ እየጠበቀሽ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ አገርሽ!»

«ድግምት ባውቅማ መጀመሪያ ያንቺን አፍ እዘጋው ነበር!»

ፈሪዳ እጇን እሳቱ ውስጥ ሰዳ አንድ ገጽ መነጨቀች። ጠርዙ ከስሏል፤ «ዋይ = 3» የሚለው ግን ተርፏል። ጉያዋ ወሸቀችውና እንባዋን ሳታሳያት ወጣች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ደረሰች፤ የፈተና ወረቀቷን ለእናቷ እያውለበለበች፦ «ማማ፣ ፈሪዳ ያስጠናችኝን ሒሳብ ደፈንኩት!»