በመስታወት ውስጥ ያለች ጥርስ

በሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ያለችው የጥንት ጥርስ የልጅቷ የራሷ ነበረች፤ በቃ የራሷ! ሰባት ዓመቷ ላይ ከጭቃ ትንሽዬ ማሰሮ ሠርታ፣ ከደረጃ ወድቃ የሸረፈቻትን፣ ኋላም የወለቀችውን የወተት ጥርሷን የማሰሮው ሆድ ላይ ሰክታ፣ እሳት ውስጥ ከታ፣ ጓሮ የቀበረችው እሷው ናት። የሙዚየሙ ኃላፊ አባቷ ደግሞ ሰሞኑን ጓሮውን ቆፍሮ አገኘውና «የሦስት መቶ ዓመት ቅርስ» ብሎ ጻፈበት። ሸራፋዋን ስታያት ክው አለች።

አዳራሹ በእንግዳ ጢም ብሏል። አባቷ አዲሱን ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሶ መጣ።

«ምነው አፍሽን ያዝሽ፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አላት። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «ሙዚየሙን ሊዘጉብኝ ነበር እኮ የኔ ልጅ። ያተረፈችኝ ይቺ ጥርስ ናት። በይ፣ ታሪኳን አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

ማይኩን አስጨበጣት። ሰዉ ሁሉ አፍ አፏን አያት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?