ሰኞ ተመለስ

እህቷ ሮም ውስጥ ነፍሰ ጡር ናት፤ አጠገቧ ሰው የላትም። ሄዳ ልትረዳት ቪዛ ጠየቀች። የቪዛ ቢሮው ሰውዬ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት "ሰኞ ተመለሺ" ሲላት ሦስት ወር ሞላው።

አንድ ጠዋት ያው ሰውዬ እሷ ልደት ከምትመዘግብበት የወረዳ መስኮት ላይ የታሸገ ፖስታ ይዞ ቆመ። አላወቃትም።

"እባክዎ እህቴ፣ አስቸኳይ ማስረጃ ነው፤ ያረጋግጡልን።"

እጄ ላይ ወደቅህ፣ አለች በሆዷ። ፖስታውን ሳትከፍት መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው።

"ሰኞ ተመለስ!"

ስድስት ሰኞ አመላለሰችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በሰባተኛው ሳምንት ቪዛ ቢሮው ጠራት።

"ተከልክለሻል" አላት ሰውዬው፣ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ። "የልደት ማስረጃሽ ይረጋገጥ ብዬ ፖስታ ይዤ ብሄድ፣ ወረዳሽ ስድስት ሰኞ አመላለሰኝ።"

ከዚያ ቀና ብሎ አያት።