የመጀመሪያው ባለቤት

ፋንታሁን ወደ ሳንጃ ከተዛወረ ወዲህ ምሳውን የሚበላው ስልኩን ከውኃ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ነው።

ስልኩ ላይ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለ አንድ ሳሎን ይታያል። ቡናማ ሶፋ። የቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል። መጋረጃው ሁልጊዜ ገርበብ ያለ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው የጌም ኮንሶል ካሜራ አለው፤ አካውንቱ ደግሞ በፋንታሁን ስም ነው። ስለዚህ ያያል። የኮንሶሉ አምራች ኩባንያ ራሱ ነው የፈቀደለት። «የትም ቢሆኑ ከቤትዎ አይራቁ» የሚል መልእክት ልኮለት ነበር።

የዛሬው ግን ምሳውን አላስበላውም።

የትነበርሽ ከሆስፒታል ተመልሳ ነጭ ጋዋኗን ሶፋው ላይ ጥላለች። አጠገቧ ያ ኢዮስያስ የምትለው ሰውዬ በነጠላ ጫማ ተዘርፍጦ ኳስ ይጫወታል። በፋንታሁን አካውንት፣ በፋንታሁን ጌም። እሷ ብርቱካን ትልጣለች። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእሱ። በእጇ ነው የምታጎርሰው።

ኢዮስያስ ጎል አስቆጠረ። ስክሪኑ እንደ ደንቡ የባለ አካውንቱን ስም ጻፈ፦ ፋንታሁን።

«ጎበዝ ፋንታሁን!» አለች የትነበርሽ እያጨበጨበች። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጭራሽ በስሙ ይሳለቁ!

«ምነው አያ ፋንታሁን፣ አነቀህ?» አለች የቢሮ ባልደረባው ብርቄ ከጠረጴዛው ማዶ።

«ደህና ነኝ።»

«ሁሌ እሷኑ ነው የምታየው። ይህን ያህል ከናፈቀችህ ምነው አታመጣትም?»

«ሥራ አላት።»

«እንግዲያ አንተ ሂድ እንጂ! ሸጋ ሴት ብቻዋን አይተዋትም።»

ብቻዋን። ብቻዋን ብትሆንማ ምን ነበረበት። ቀይ እንደማትወድ ያውቃል፤ የገዛላትን የአንገት ልብስ ሁለቴ ቀይሮ ሰማያዊ አድርጎታል። ሲደክማት ግራ እግሯን ሶፋው ላይ እንደምትሰበስብ ያውቃል። ያ ሰውዬ ግን ይህን የሚያውቅ አይመስለውም። ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው።

ኢዮስያስ ቅዳሜ ሐምዛ ሱቅ ስብሰባ እንዳለበት ለየትነበርሽ ሲነግራት ፋንታሁን ሰምቷል። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ገባ። ማራኪ አልሄደም። በቀጥታ አራዳ፣ ሐምዛ ኮንሶል ወደሚጠግንበትና ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ።

ሱቁ በተናደደ ሰው ተሞልቷል። ኩባንያው አዲስ ውል አውጥቷል፦ ካሜራው አይጠፋም፣ አንዱ የገዛው ጌም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

«እናንተ ስለ ካሜራ ታወራላችሁ» አለ ሐምዛ። «የእኔ ደግሞ እንጀራዬ ነው። እዚህ አገር በውጭ ካርድ ጌም የሚገዛ ማን አለ? ውጭ ዘመድ ያለው ብቻ። ለዚህ ነው አሮጌውን ከነጌሙ ከነአካውንቱ የምናሻሽጠው። የመጀመሪያው ባለቤት ስም ከተነካ ጌሙ ሁሉ ይጠፋላ!»

«እኔን ያናደደኝ ካሜራው ነው» አለ ኢዮስያስ ብድግ ብሎ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ ማን እንደሚያየኝ አላውቅም።»

ቤቴ። በሰው ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቤቴ።

«ውሉ ልክ ነው!» አለ ፋንታሁን ከኋላ፣ ሳያስበው። ሁሉም ዞረ። «ባለቤት ርቆ ሲኖር ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ማየት መብቱ ነው። የሚፈራው የሚደብቀው ያለው ነው።»

«የኩባንያው ጠበቃ መጣላችሁ!» አለ አንዱ። ሱቁ ሳቀ።

ኢዮስያስ ትክ ብሎ አየው። አላወቀውም። «ወንድሜ፣ አንተን ሚስትህ ምንም አትልህም?»

«ምንም ብላኝ አታውቅም።»

«የታደልክ። እቤት ያለችው ግን መሮኛል ብላለች። እኔ ዛሬውኑ ካሜራውን በፕላስተር እለጥፈዋለሁ።»

ሐምዛ ከመሳቢያው ጥቁር ፕላስተር አውጥቶ ወረወረለት። ከዚያ ወደ ፋንታሁን ዞረ። «ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም። ከእኔ ገዝተሃል ወይስ ሸጠህልኛል?»

«ሁለቱንም» አለ ፋንታሁንና ወጣ።

ኢዮስያስ ባጃጅ ያዘ። ፋንታሁንም ከኋላው ሌላ ባጃጅ ያዘ።

«ያችን ተከተላት። ከዓይንህ እንዳትጠፋ።»

«ሌባ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ሌባ ነው።»

«ምን ወሰደ?»

ፋንታሁን ስልኩን አወጣ። ስልኩ ላይ የትነበርሽ ብቻዋን ነበረች፤ ፀጉሯን እየጎነጎነች ታንጎራጉራለች። ይህን ሰዓቷን ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል።

የፊተኛው ባጃጅ ቆመ። ፋንታሁን ራቅ ብሎ አስቆመና ወረደ። ኢዮስያስ በአጥሩ በር ገባ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ላይ ታየ፤ አላንኳኳም፣ በቁልፍ ነው የከፈተው። ቁልፍ ሰጥታዋለች! የትነበርሽ ተነሥታ አንገቱን አቀፈችው። ፕላስተሩን ሲያሳያት «ተመስገን!» አለች። ከዚያ የኢዮስያስ አውራ ጣት ቀረበ፣ ቀረበ፣ ሙሉ ስክሪኑን ሸፈነው።

ጨለማ።

ፋንታሁን ስልኩን ነቀነቀው። ጨለማ። የደረቱ አንድ ወገን የተነቀለ መሰለው። ከእንግዲህ ሳንጃ ተመልሶ ምን እያየ ሊኖር ነው? ዛሬ ካልተናገረ ለዘላለም አጣት። ለወራት ያጠናውን ቃል በከንፈሩ እየደገመ ግቢውን አቋረጠ፦ የትነበርሽ፣ ሁሉንም አይቻለሁ፣ ግን ይቅር እልሻለሁ።

አንኳኳ።

በሩን የከፈተችው እሷው ነበረች። ስልኩ ላይ ከሚያያት አጠር ትላለች።

«አቤት ጌታዬ» አለች፣ «ማንን ፈልገው ነው?»