ሦስት ዓመት የተጠበቀ ፈቃድ

ባምላኩ ሁለተኛውን የዳቦ ቁራሽ ራሱ ነው የጠየቀው። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ከመኪና ከወረደ ወዲህ ሦስት ሰዓት ሽቅብ ተጉዟል፤ የጉና ብርድ ደግሞ ሆድን ይሞረሙራል። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከሌማቱ ላይ ቆርሰው አቀበሉት።

«ብላ ልጄ፣ የተዝካር ነው። ነፍሱን ይማረው በል።»

«ነፍሳቸውን ይማረው» አለና ጎረሰ።

የባላቸውን የጋሽ ይሻውን ሞት የሰማው እዚሁ ደጃፍ ደርሶ፣ ገና ያልፈረሰውን ዳስ ካየ በኋላ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው፤ ማን ይንገረው? አርባቸው የወጣው ትናንት ነው። እሱ ግን የምሥራች ይዞ ነበር የመጣው። ገና ከበር ሳይገባ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው መንገዱን ሙሉ ሲያስበው ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው፤ የአንድ ዓመት የምርምር ፈቃድ ከነደመወዙ፣ ለመስክ ሥራውም ገንዘብ ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከራሱ በጀት። ይህችን ገጽ ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጅቷል። በመጀመሪያው ዓመት ኮሚቴው አልተሟላም ተባለ። በሁለተኛው ኮሚቴው ሲሟላ የበጀት ዓመቱ ተዘጋ። በሦስተኛው የክፍሉ ኃላፊ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ለአንጋፋዎቹ ቅድሚያ እንስጥ» አለው፤ ፊርማው የመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጉና ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያለ ኮሚቴና ያለ ማኅተም ምርምሩን ይዘውለት ነበር።

ምርምሩ አንዲት ጥቁር ገብስ ናት። አገሬው «ውርጭ አይፈሬ» ይላታል። ምርጥ ዘር የሚባለው ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ትቷት፣ ባምላኩ ያገኛት በጋሽ ይሻው ማሳ ጥግ ብቻ ነው። ያኔ ይዞ የሄደውን እፍኝ ዘር የተከራየበት ቤት አይጦች ጨረሱት። አፍሮ ሲነግራቸው ሽማግሌው ከት ብለው ስቀው፣ «አይጥ ካወቃትማ ጥሩ ናት ማለት ነው! እኔ እየዘራሁ አቆይልሃለሁ፣ አንተ ፈቃድህን ይዘህ ና» አሉት።

ዳቦውን አጋምሶ ሳለ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋው። ጠቆር ያለ ነው። በውስጡ የቀረውን የገለባ ሽራፊ በጥፍሩ አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው። የገዛ ልጁን ድምፅ እንደሚለይ ሰው ወዲያው ለየው። 

«እትዬ ሸዋነሽ… ይህ ዳቦ ከየትኛው ገብስ ነው?»

ሴትዮዋ እሳቱን ቆሰቆሱ። «አውቀህ ትጠይቀኛለህ? ከእሷው ነው።»

«ለዘር የተረፈ የለም? ጥቂትም?»

«ጎታውን ጠርጌ ነው የፈጨሁት። ጠላውም ዳቦውም ከእሷው ነው። ምን ላድርግ ልጄ? ያ ግብርናዎቹ የሰጡን ምርጥ ዘር ጥቅምት ላይ ውርጭ መታውና ገለባ አጨድን። የቆመች እሷ ብቻ ነበረች። ድንች እየቀቀልን ስንከርም እንኳ ‹የመምህሩ አደራ ናት› ብሎ አላስነካንም። አርባው ሲደርስ ግን… ካህናቱን በባዶ ሌማት ልሸኛቸው? የእሱን ተዝካር በልመና እህል ላውጣ?»

ባምላኩ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር። በማን ይቆጣል? በሟቹ? በእኚህ ሴት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው፤ ውሻው ደብዳቤም በቦርሳው ታጥፎ ተቀምጧል። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ደግሞ በራሱ አፈረ። ለጋሽ ይሻው ደረቅ ዓይኑን ይዞ ገብቶ፣ ለገብሷ ሊያለቅስ ነው።

«በደልኩህ» አሉት ወይዘሮ ሸዋነሽ።

«የለም፣ ደግ አደረጉ። የእሳቸው እህል ናት፣ ለእሳቸው ዋለች።» ከአፉ ሲወጣ እውነት መሆኑ ራሱን አስገረመው። ቢሆንም አንጀቱን አላራሰውም።

«ፈቃዱንስ ሰጡህ?»

ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው መለሱለት።

«ምን ይላል?»

«ዓመት ሙሉ አላስተምርም። ደመወዜ ሳይቋረጥ እዚህ እየተመላለስኩ እንድሠራ ነው።»

«ምኑን ትሠራለህ?»

 ወይዘሮ ሸዋነሽ መልሱን አልጠበቁትም፤ በበሩ አሻግረው ወደ ማሳው ያያሉ። ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ መሬቱን ግን አንዴም ማረሻ አልነካውም።

«በሬዎቹ ሰው የላቸውም» አሉ። «ልጄ እንደምታውቀው ዓረብ አገር ናት። ጎረቤት የራሱን ሳይጨርስ የእኔን አያይልኝም። ይሻው አንተን ‹የገበሬ ልጅ ነው› ይለኝ ነበር። እርፍ ትጨብጣለህ?»

«እጨብጥ ነበር። ከተውኩት ቆየሁ።»

«እጅ አይረሳም። ዓመቱን ከሰጡህ ሰኞ ና። ሰኞ በዓል የለም።»

ባምላኩ ቁራሹን ዳቦ በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ማሳው አየ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰኞ እመጣለሁ። ምን ልንዘራ ነው?»

«ያንኑ ግብርናዎቹ የሚያድሉንን ምርጥ ዘር ነዋ» አሉት። «ሌላ ምን አለን?»