ያልተደገመ ትእዛዝ

«የፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ነው፤ ምክር ቤቱን ዝጋ፣ አልወጣም ያለውን ተኩስበት! ድገም!» አለ ጄኔራሉ በሬዲዮ። በሠራዊቱ ደንብ ተቀባዩ ያልደገመው ትእዛዝ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ኮሎኔሉ መነጋገሪያውን እንደጨበጠ ከታንኩ ላይ ሆኖ ወደ ሕንጻው ተመለከተ። በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት የሕዝብ እንደራሴ የታንኩን አፈሙዝ እያዩ ተቀምጠዋል።

«ዱዳ ሆንክ እንዴ? ድገም እንጂ!»

«የማልኩት ለሕገ መንግሥቱ ነው፤ አልደግመውም» አለ ኮሎኔሉ።

ሬዲዮው ጸጥ አለ። ለአፍታ አገሩ የዳነ መሰለው። ያኔ፣ በመሐላው ቀን እጁን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጎ የነበረው ምክትሉ መነጋገሪያውን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደበት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ የልጆች አባት ነኝ» አለው። ከዚያም ትእዛዙን አንዲት ቃል ሳያጎድል ደገመ።