የጤነኛው ስላይድ

ዶክተር ዕፀገነት ቦንጋ ባለው ላቦራቶሪ የሕሙማንን ደም በስሱ በተቆረጠ የበግ አንጎል ላይ ትፈትሻለች። በደሙ ውስጥ አእምሮን አውኮ የሌለ ነገር የሚያሳይና የሚያሰማ አንቲቦዲ ካለ ከነርቮቹ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ማቅለሚያ ሲጨመርበት በማይክሮስኮፑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የጤነኛ ሰው ስላይድ፣ ናሙናው ያረፈበት መስታወት፣ ጨለማ ነው። ለማነጻጸሪያ ለሚሆነው የጤነኛ ስላይድ ሁልጊዜ የራሷን ደም ትጠቀማለች።

ዛሬ የራሷ አበራ።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከክንዷ አዲስ ደም ቀድታ ደገመችው። ይበልጥ ደመቀ።

"ጋሽ ቢሻው፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ" አለች ቴክኒሻኑን።

ጋሽ ቢሻው ጎንበስ ብለው አዩ። "ምኑ ነው የሚበራው? ድቅድቅ ጨለማ እኮ ነው። ምሳ ሳይበሉ ውለው ነው ዶክተር፤ ረሃብ የማያሳየው የለም" ብለው ሳቁ።

እፎይ ብላ ተቀመጠች። ስልኳ ሲጮህ አነሳችው።

"ዶክተር፣ ቢሻው ነኝ። መኪናችን ተበላሽቶ ከጠዋት ጀምሮ ሺሺንዳ ቆመናል። ዛሬ እንግዲህ ሥራ አልገባም።"

ድምፁ የጋሽ ቢሻው ነው። ቀስ ብላ ዞረች።

ጋሽ ቢሻው ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሱ ናቸው።

"ማን ነው ዶክተር?" አሏት፣ ቀና ሳይሉ።