አንድ የጎደለው ወረርሽኝ

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናትነሽ በአንድ መንደር አራት ሕፃናት በኩፍኝ መታመማቸውን ስታይ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደውላ ክትባት እንዲላክላት ለመነች።

«ወረርሽኝ የሚባለው አምስት ሕሙማን ሲሞሉ ነው» አሏት ኃላፊው። «አምስተኛው ሲገኝ ደውይ፤ በዚያው ቀን ቡድን እልካለሁ።»

በሽታስ ቢሆን መመሪያ ማክበር የለበትም እንዴ? እናትነሽ አራቱን እያስታመመች አምስተኛውን መጠበቅ ጀመረች።

በሳምንቱ የጎረቤቷን ልጅ ገላዋ በሽፍታ ተሸፍኖ፣ ዐይኗ ቀልቶ አገኘቻት። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እየሮጠች ወጥታ ደወለች።

«ጌታዬ፣ አምስተኛዋም ታመመች! ከአራቱ አንዱን ደግሞ ትናንት ቀበርነው። እባክዎ ይድረሱልን!»

ኃላፊው ከልባቸው አዘኑ። «ነፍስ ይማር» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው አሁንም አራት ናቸው ማለት ነዋ!»